የጨለመው ኮምፒውተርና የአዛውንቱ ምርቃት

አንድ ሰው ነበረ፤ ሥራው የሰው ድምፅ መሰብሰብ ነው። በአገሩ ድሮ ሁሉም ይናገረው የነበረ፣ ኋላ ግን ከጥቂት ሽማግሌዎች አፍ ብቻ የቀረ ቋንቋ ነበር። ይህ ሰው ቋንቋው ከሽማግሌዎቹ ጋር ሳይቀበር ልቅረጸው ብሎ ተነሣ። በዚያ ቋንቋ የሚመረቀውን ምርቃት ከነዜማው የሚያውቁት አንድ አዛውንት ብቻ ስለነበሩ ክረምቱን ሙሉ አጠገባቸው ተቀምጦ ቀረጻቸው። መስቀል ሳይደርስ አዛውንቱ አረፉ።

ልጃቸው ገና በሕፃንነቷ ከቤት ወጥታ ከተማ ያደገች ሴት ናት፤ ቋንቋውን አታውቀውም። ለቀብር መጥታ ሳለ ሰውየውን ለብቻው ጠርታ «ለተዝካሩ ስመጣ የአባቴን ድምፅ ታሰማኛለህ?» አለችው። እሱም «ትሰሚዋለሽ» ብሎ ቃል ገባላት።

የድምፁ ቅጂ ሁሉ ያለው በአንድ ኮምፒውተር ላይ ነበር። ሌላ ቦታ እገለብጠዋለሁ፣ እገለብጠዋለሁ ሲል ጊዜው አልፏል። ኮምፒውተሩ ደግሞ ሥራ ሲበዛበት ይንቀራፈፋል፤ ሁለት ቅጂ አንድ ላይ ሲከፍትበትማ ቀጥ ይላል። «ሜሞሪ ቢጨመርለት ይፈጥንልሃል» አሉትና ገዛ። ከስንዝር የምታንስ ቀጭን ሰሌዳ ናት። ክዳኑን ፈትቶ ከነባሩ ሜሞሪ ጎን ሰካት፤ ገጥማ ቀጭ ስትል ደስ አለውና ማብሪያውን ተጫነ።

ማራገቢያው ዞረ፣ መብራቱ በራ፣ ስክሪኑ ግን ጨለማ ሆኖ ቀረ።

አጠፋና አበራው፤ ያው ነው። ሶኬቱን ነቀለ፣ ሰካ፣ እንደገና አበራ። ላብ አጠመቀው። አንዴ ያጠፋል፣ አንዴ ያበራል፤ በጨለመ ቁጥር አዛውንቱ ሁለተኛ የሞቱበት ይመስለዋል። ሚስቱ ከኋላው ቆማ ስታይ ቆየችና «በቃ ተወው እንጂ! ይዘኸው ወደሚያውቅ ሰው ሂድ» አለችው። ያን ኮምፒውተር እንደ በሽተኛ ሕፃን አቅፎ ብርቅነሽ ወደምትባል ጠጋኝ ሱቅ ሄደ።

ለብርቅነሽ የሆነውን ሁሉ ነገራት፤ አላቋረጠችውም። ሲጨርስ «ድምፁ የተቀመጠው የት ይመስልዎታል?» አለችው።

«እዚህ ነዋ!» ብሎ ሜሞሪውን አሳያት። «ማስታወሻው ይሄ አይደለም እንዴ?»

«እዚያ ላይ ምንም የተቀመጠ ነገር የለም። ኮምፒውተሩ ሲሠራ የሚያስበውን ለጊዜው የሚዘረጋበት ነው፤ ሲጠፋ ባዶውን ይቀራል። የእርስዎ ሽማግሌ ያሉት እዚህ ጥግ ካለው ዲስክ ላይ ነው። እሱን ማን ነካው?»

ማንም አልነካውም። ሰውየው ግን ገና አላመነም።

እሷም ሁለቱንም ሜሞሪ ነቅላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ባዶውን ማሽን አበራችው። ከውስጡ አንድ ረዘም ያለ ጩኸት ወጣ፤ ትንሽ ዝም ይልና ደግሞ ይጮኻል። ሰውየው ደነገጠ።

«ምን እያለ ነው?»

«ማሰቢያ የለኝም እያለ ነው።»

ሰውየው ተደነቀ። ይህ ዕቃ ቀኑን አያውቅም፣ ባለቤቱን አያውቅም፣ ሊያስብ የሚችልበት አንድም ነገር የለውም፤ የጎደለውን ግን አውቆ ይጣራል! ስንት ዓመት በጣቱ እየተጫነ ሲያበራው ከመንቃቱ በፊት ራሱን እንደሚመረምር ልብ ብሎት አያውቅም ነበር። ሳይታወቀው ኮፍያውን አወለቀ።

ብርቅነሽ ነባሩን ሜሞሪ ብቻውን መለሰችው፤ ኮምፒውተሩ ተነሣ። አጥፍታ አዲሱን ብቻውን ሰካችው፤ አሁንም ተነሣ። «ሁለቱም ደህና ናቸው» አለችና አንድ ላይ ሰክታ አበራችው። ማራገቢያው ዞረ፤ ስክሪኑ ጨለመ።

የሰውየው እጅ ሊያጠፋው ተወረወረ። እሷ ግን ማብሪያውን በመዳፏ ሸፈነችው።

«አይንኩት! ስንቴ ነው እንዲህ ያጠፉት?»

«እንጃ፤ በጨለመ ቁጥር።»

«ሥራውን በጀመረ ቁጥር አቋርጠውታል ማለት ነው። አዲስ ነገር ተጨምሮበት ከነባሩ ጋር እያስማማ ነው። እስኪጨርስ ምንም አያሳይም። እጅዎን ሰብስበው ይቀመጡ።»

ተቀመጠ። መጠበቅ እንዲህ እንደሚከብድ አያውቅም ነበር። ጨለማውን ስክሪን እያየ፣ እዚያ ውስጥ እሱ የማያየው አንድ ሥራ እየተሠራ እንደሆነ ለማመን ከራሱ ጋር ታገለ። ሊነሣ ቃጣው፤ ደግሞ ተመልሶ ተቀመጠ። ድንገት ስክሪኑ ብርሃን ሆነ። ሰውየው የመጀመሪያውን ቅጂ ሲከፍተው የአዛውንቱ ድምፅ ከነሳሉ፣ ከነትንፋሹ ሱቁን ሞላው። ስልክ ሊያሠሩ የመጡ ሰዎች፣ አንድም ቃል ሳይገባቸው፣ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ቆሙ።

በዚያው ቀን ቅጂውን ሁሉ ሌላ ቦታ ገለበጠው። ተዝካሩ ደረሰ፤ ልጅቱም መጥታ ከድምፁ ፊት ተቀመጠች። አዛውንቱ ምርቃቱን ጨርሰው ዝም ሲሉ፣ አላውቀውም ባለችው ቋንቋ፣ ተመራቂ የሚመልሰው ቃል ከአፏ ወጣ። ከየት እንደመጣ አታውቅም። አፏን በእጇ ይዛ ዙሪያዋን አየች።

እንግዲህ ልጄ፣ ይህን የነገርኩህ እንዲህ ብለህ ስለጠየቅኸኝ ነው፦ «ከፍ ያለውን ትምህርት ከጀመርኩ ወዲህ ልቤ ጨልሟል፤ ጸሎት እንኳ አልከፈት ብሎኛል፤ እምነቴ ጠፍቶ ይሆን?» አልጠፋም። አዲሱ ትምህርትም አልከፋም፤ በልጅነትህ የተቀበልከውም አልተበላሸም። በእናትህ እቅፍ ሳለህ የገባብህ ነገር አሁን የምትዳክርበት ቦታ ላይ አይደለም ያለው፤ ከዚያ በታች፣ እጅህ ከማይደርስበት ተቀምጧል። አሁን ሁለቱ እየተዋወቁ ናቸው። አንተ ግን በጨለመብህ ቁጥር ትምህርቱንም ጸሎቱንም እየጣልክ ትነሣለህ፤ እግዚአብሔር በአንተ ውስጥ የጀመረውን ሳታስጨርሰው እንደገና ከመጀመሪያው ታስጀምረዋለህ። ነገ ለጸሎት ቆመህ ቃል ቢጠፋብህ አትሽሽ። ዝም ብለህ ቁም።