በቀይ ቀለም የተጻፈው ገጽ

አንድ ቁም ጸሐፊ ነበር፤ የኔታ ሳህሉ ይባላል። አርባ ዓመት ሙሉ ብራና ላይ አጎንብሶ ቅዱሳት መጻሕፍትን ሲገለብጥ ኖሯል። አንድ ባላባት፣ ባላምባራስ ይመኑ፣ የሐዋርያትን መልእክታት እንዲጽፍለት አስመጣውና እልፍኙ አጠገብ መስኮት ያላት ክፍል ሰጠው።

ከመስኮቷ ሥር የወይዘሮ ደብሪቱ ጓሮ ይታያል። ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ ልጆቿ ከዚያ ጎመንና ድንች በቀር የሚበሉት የላቸውም። ጓሮውን የሚያጠጣው ቦይ በባላምባራስ መሬት ያልፋል። ባላምባራስ ግን በዚያ ዓመት ውኃው ሁሉ ለጌሾዬ ይሁን ብሎ ቦዩን በትልቅ ድንጋይ ዘጋው። የኔታ ሳህሉ ጎመኑ በየቀኑ ሲጠወልግ ያያል። ያያል፣ ይናደዳል፣ ተመልሶ ይጽፋል።

አንድ ቀን፣ ወንድሙ ሲራብ እያየ በመልካም ቃል ብቻ የሚያሰናብተውን ሰው ሐዋርያው የሚገሥጽበት ቦታ ላይ ደረሰ። ቀይ ቀለም የሚገባው ለቅዱስ ስም እንደሆነ ከማንም በላይ ያውቃል። ያን ዕለት ግን ደንቡን ጥሶ ገጹን ከላይ እስከ ታች በቀይ ጻፈው። "ይህም ካልታየው እንግዲህ ምን ላድርግ" እያለ ብራናውን ይዞ ወደ ባላምባራስ ሄደ።

ባላምባራስ ገጹን ተቀብሎ ተሳለመ፤ ግንባሩንም አስነካ።

"ይህን ቀይ ከምን ቀመሙት፣ የኔታ? እንዲህ ያለ አይቼም አላውቅ።"

"ቀለሙን ይተዉትና ቃሉን ያንብቡት።"

"አነበብኩት እኮ። አንጀት ይበላል።"

"እንግዲያው ቦዩን ይክፈቱላት።"

የባላምባራስ ፊት ጠቆረ። "እኔ አምናለሁ፣ እጾማለሁ፣ ይኸው መጽሐፍም አስጽፋለሁ። የውኃው ነገር የርስት ነገር ነው። እርስዎ ይጻፉ።"

በማግሥቱ ገጹን እያዞረ ለእንግዶቹ አሳየ። እነሱም ተራ በተራ ተሳለሙት።

የኔታ ሳህሉ ደሙ ፈላ። የቀረበለትን ምሳ ትቶ ወጣና ወይዘሮ ደብሪቱን ከጓሮዋ አገኛት።

"ልጄ፣ በቀይ ጻፍኩበት፣ ፊት ለፊትም ነገርኩት። ሰውዬው አይሰማም። ስለ አንቺ እንዴት እንደተቃጠልኩ እግዜር ያውቃል" አላት።

ሴትዮዋ ቀና ብላ አየችው። ተቆጥታለች፤ ቁጣዋ ግን በባላምባራስ ብቻ አልነበረም።

"የኔታ፣ ከመስኮት ሆነው ሲያዩኝ ሁለት ወር ሞላ። ድንጋዩ ብቻዬን አቃተኝ እንጂ ለሁለት ሰው ይነሣል። ጎረቤቱን ሁሉ ለመንኩ፤ ባላምባራስን ፈርተው እምቢ አሉኝ። እርስዎን ያልለመንኩት መጽሐፉን ስለሚያውቁት ነው። ሳልጠራዎት ይመጣሉ ብዬ ጠበቅኩ።"

የኔታ ሳህሉን በሰው ላይ ሲነድ የከረመው ንዴት ዞሮ እሱኑ አቃጠለው። ያን ቃል አርባ ዓመት ሲጽፍ ፊደሉ እንዳይጣመም ተጨነቀ እንጂ አንድ ቀን እንኳ ለእኔ ተባለ ብሎ አያውቅም። ሁልጊዜ ለአስጻፊው ነበር። ጋቢውን አውልቆ አጥሩ ላይ ጣለና በጠራራ ፀሐይ ከሷ ጋር ወደ ቦዩ ወረደ። ድንጋዩን በሦስተኛው ግፊያ አንከባለሉት።

ባላምባራስ ወሬውን ሰምቶ ከነአሽከሮቹ ደረሰ። አሽከሮቹ ድንጋዩን ሊመልሱ ሲሉ ሽማግሌው ውኃው ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ።

"ከዘጋችሁት በላዬ ዝጉት" አላቸው።

አሽከሮቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ የደፈረ የለም። ፈርተው የነበሩት ጎረቤቶችም አፍረው አንድ ሁለት እያሉ መጡና አጠገቡ ቆሙ። ባላምባራስ የኔታን ከቤቱ አባረረ፤ መጽሐፉም ሳያልቅ ቀረ። ቦዩ ግን ከዚያ ወዲያ አልተዘጋም።

የሐዋርያት ቃል የተጻፈው አምነን እንድንታዘዘው ነው። እኛ ግን ማመኑን ለራሳችን ወስደን መታዘዙን ለጎረቤት ሰጠነው። አንዱ ተሳለመው፣ ሌላው አሳምሮ ጻፈው፤ የልጆቹን ረኀብ ግን ሁለት ወር ሙሉ የነካው አልነበረም። በሌላው ኃጢአት መናደድንም እንደ ጽድቅ ቆጥረነዋል፤ ይህ ያሳፍራል።

ይህን አንብባችሁ ግሩም ታሪክ ነው ብላችሁ ለሌላ ታስተላልፉት ይሆናል። አስተላልፉት። ግን አስቀድማችሁ ራሳችሁን ጠይቁ፦ ትናንት የሰማችሁትን ቃል ዛሬ ለማን አደረጋችሁት?