እትዬ ደብሪቱ ያልዘለሉት መስመር

አሰላ ውስጥ አንድ መምህር አለ። ዓይነ ስውር ነው። ስሙ በላቸው ይባላል፤ ታሪኩን እንድነግራችሁ ራሱ ፈቅዶልኛል።

መምህሩ ቤት፣ ከአልጋው አጠገብ፣ አንድ ያረጀ ኮምፒውተር ተቀምጧል። ሰርቨር ይለዋል። ሌሎች ኮምፒውተሮችና ስልኮች ፋይል የሚወስዱበት ማከማቻ ማለት ነው። ዕቃዎቹን ከዚህም ከዚያም ለቃቅሞ፣ በእጁ እየዳሰሰ የገጣጠመው እሱ ራሱ ነው።

ምን ያከማችበት ነበር? የሰው ድምፅ። በአሥር ዓመት ውስጥ ሠላሳ ስምንት ሰዎች ቤቱ እየመጡ፣ የመማሪያ መጻሕፍትን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አንብበውለታል። የባዮሎጂውን ያነበበችው ነርስ ዛሬ በሕይወት የለችም። ድምፅዋ ግን እዚያ ሣጥን ውስጥ አለ። የከተማው ዓይነ ስውራን ተማሪዎች የሚያጠኑት ከዚያ እየቀዱ ነው።

አንድ ሰኞ ጠዋት ማሽኑ አልነሳ አለ። ስድስት ተማሪዎች የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ሊቀመጡ አምስት ሳምንት ቀርቷቸዋል። የቅጂዎቹ ሌላ ግልባጭ የለም። ይህ ጥፋቱ እንደሆነ መምህሩ አይሸሽግም።

ምን ሆኖ ነው? ነገሩ ቀላል ነው። ማሽኑን የሚያስነሳው ሥርዓት የተጫነው ትንሽ ፍላሽ ላይ ነው። ድምፆቹ ደግሞ በሦስት ሃርድ ዲስኮች ላይ ናቸው። ፍላሹ ስምንት ዓመት አገልግሎ ተበላሸ፤ ዲስኮቹ ግን ደህና ናቸው። እንግዲህ አዲስ ፍላሽ አዘጋጅቶ መሰካት ነው።

ታዲያ ራሱ የገጣጠመው ሰው ለምን አላስነሳውም?

የመምህሩ ላፕቶፕ ይናገራል። ስክሪኑ ላይ ያለውን ሁሉ የሚያነብለት ፕሮግራም ተጭኖበታል፤ ሰርቨሩንም የሚያዘው በዚያው ላፕቶፕ በኩል ነው። ነገር ግን ማሽኑ ገና ሲበራ፣ ከየትኛው ዕቃ እንደሚነሳ የሚታዘዝበት የመጀመሪያው ገጽ አይናገርም። ሰማያዊ ስክሪን ላይ ነጭ ጽሑፍ ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ ላይ ጌታ የሆነ ሰው፣ እዚያ አንድ ገጽ ላይ ሲደርስ የሌላ ሰው ዓይን ያስፈልገዋል።

መጀመሪያ አንድ የኮምፒውተር ባለሙያ መጣ። አዲስ ፍላሽ አዘጋጀ፣ ሰካ፣ አልነሳም። ከፊት ነቅሎ ከኋላ ሰካው፣ አልነሳም። ያንን ሰማያዊ ገጽ ከፍቶ ተነቃይ ዕቃ የሚለውን አንደኛ ላይ አደረገ፣ አሁንም የለም። በመጨረሻ ማዘርቦርዱ፣ ማለትም ዕቃው ሁሉ የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ፣ የድሮ ስለሆነ ከፍላሽ አይነሳም አለ። ዲስኮቹን ወደ ሌላ ማሽን ማዛወር ይሻላል፣ በውስጣቸው ላለው ግን ዋስትና አልሰጥም ብሎ ነገረው። ባለሙያውን አልወቅሰውም። ሱቁ በር ላይ ሰው ተሰልፎ ይጠብቀው ነበር።

መምህሩ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀው። «ከፍላሽ አይነሳም ካልክ፣ ስምንት ዓመት ሙሉ ከምን ሲነሳ ነበር?»

ባለሙያው ምናልባት የድሮው ፍላሽ ዓይነቱ ሌላ ይሆናል ብሎ ተሰናበተ። ጥያቄው ግን እዚያው ቤት ቀረ። እስቲ አስቡት፤ የአሥር ዓመት ድካሙ ሊጠፋበት ያለ ሰው ነው። ማልቀስ ይችል ነበር። መምህር በላቸው ግን ነገሩ ገረመው። ሌሊቱን ሲያስበው አድሮ ማክሰኞ ስልክ ደወለልኝ። ለማን? ለእኔ ለመጋቢያችሁ። «መጋቢ፣ ዓይንዎን ለአንድ ሰዓት ያውሱኝ» አለኝ።

ከምሳ በኋላ ሄድኩ። አሁን የምነግራችሁ ስለራሴ ነውና አትሳቁብኝ።

እንግሊዝኛ አውቃለሁ። የተማርኩበት ቋንቋ ነው። ማሽኑን አበራን፣ ሲነግረኝ ቁልፉን ተጫንኩ፣ ሰማያዊው ገጽ መጣ። ምን ይላል አለኝ። ማሽኑ ከምን እንደሚነሳ የሚመረጥበት ቅደም ተከተል ነው አልኩት። ምን ምን ተጽፏል አለኝ። ያው ተነቃይ ዕቃ፣ ሲዲ፣ ሃርድ ዲስክ አልኩት። ከሱ በታችስ አለኝ።

«ከሱ በታች ያለው ስለ ሃርድ ዲስክ ነው፤ አንተን አይመለከትህም» አልኩት።

ሰማችሁ? አንተን አይመለከትህም። የማን ማሽን ነው? የእሱ። የገጣጠመው ማነው? እሱ። ስለ ማዘርቦርድ ምንም የማላውቀው እኔ ግን የሚመለከተውንና የማይመለከተውን መረጥኩለት። ተጽፎ ያየሁትን ሳይሆን፣ ይበቃዋል ብዬ ያሰብኩትን ነገርኩት። አንድ ሰዓት ያህል ስንሞክር ቆየን፣ አልተሳካም። በመጨረሻ ጸለይኩለትና ወጣሁ። የጸለይኩት ከልቤ ነበር። ንባቤ ግን የእብለት ንባብ ነበር።

ረቡዕ ጎረቤቱ እትዬ ደብሪቱ ብቅ አሉ። ጡረታ የወጡ ታይፒስት ናቸው፤ በአንድ መሥሪያ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት አማርኛና እንግሊዝኛ ደብዳቤ ሲመቱ የኖሩ ሴት። ስለ ኮምፒውተር የሚያውቁት ነገር የለም። የመጡትም ተማሪዎቹ ለምን እንደጠፉ ሊጠይቁ ነው፤ የልጆቹ ጫጫታ ናፍቋቸው። መምህሩ የሆነውን ሁሉ አጫወታቸው። እሳቸውም ሰምተው ሲጨርሱ፣ «ትርጉሙን አላውቅልህም፤ የተጻፈውን ግን አነብልሃለሁ» አሉት።

ቤታቸው ተመልሰው መነጽራቸውንና አንድ የእንጨት ማስመሪያ ይዘው መጡ። ማስመሪያውን ስክሪኑ ላይ ከመጀመሪያው መስመር ሥር አስደግፈው ማንበብ ጀመሩ።

ሁሉንም አነበቡ። ጥግ ላይ ያለውን ቀን አነበቡና ዓመቱ የተሳሳተ መሆኑን ነገሩት። የማሽኑን ሙቀት አነበቡ። በግራ ያለውን፣ በቀኝ ያለውን፣ ከታች በትንሽ ፊደል ያለውን አነበቡ። የማያውቁት ቃል ሲያጋጥማቸው ፊደል በፊደል ይጠሩለታል፤ እሱ ይገጣጥመዋል። እኔ በአንድ ደቂቃ የጨረስኩትን ገጽ እሳቸው ሃያ ደቂቃ ፈጀባቸው።

ሦስቱን መስመሮች ጨርሰው ማስመሪያውን ዝቅ አደረጉ።

«የዚህኛው መጀመሪያ ላይ አንዲት ትንሽ ቀስት አለች» አሉ።

መምህሩ ከወንበሩ ተነሳ። ምን ዓይነት ቀስት እንደሆነች ጠየቃቸው። ወደ ቀኝ የምታመለክት ናት፣ ከላይ ያሉት ሦስቱ ግን የላቸውም አሉት። መስመሩን ፊደል በፊደል ጠሩለት። ሃርድ ዲስኮች ይላል። አንተን አይመለከትህም ያልኩት መስመር ማለት ነው።

ለምን ይሆን ይሄ ብቻ ቀስት ያለው? መምህሩ ቆም ብሎ አሰበ። ምናልባት ከመስመሩ ጀርባ ሌላ ገጽ ይኖር ይሆናል ብሎ ገመተ። እዚያ መስመር ላይ እንዲሆኑና ኢንተር የሚለውን ቁልፍ እንዲጫኑ ነገራቸው። ተጫኑ። ሌላ ገጽ ተከፈተ።

«አራት ስሞች አሉ» አሉ እትዬ ደብሪቱ።

እንዴት አራት? የሰካቸው ዲስኮች ሦስት ናቸው። አራተኛውን እንዲያነቡለት ለመናቸው። ፊደሎቹን አንድ በአንድ ጠሩ። የፍላሹ ስም ነበር።

አያችሁ፣ ያ አሮጌ ማዘርቦርድ ፍላሽን ከተነቃይ ዕቃ ጋር አይቆጥረውም። ከሃርድ ዲስክ ጋር ነው የሚቆጥረው። ባለሙያው ያዘጋጀው ፍላሽ ምንም አልጎደለውም፤ ከሰኞ ጀምሮ እዚያው ነበረ። ነገር ግን አዲስ ስለሆነ፣ ማስነሻ ከሌላቸው ከሦስቱ ዲስኮች ኋላ ተሰልፎ ነበር። ማሽኑ የመጀመሪያውን ብቻ ይሞክራል፣ ምንም አያገኝም፣ ይቆማል።

ከጎን የተጻፈውን አነበቡለትና፣ ወደ ላይ የምታወጣው የመደመር ምልክት ያለባት ቁልፍ መሆኗን አወቁ። ሦስት ጊዜ ተጫኑ። አራተኛው አንደኛ ሆነ። አስቀምጠው ወጡ፣ ማሽኑም ጠፍቶ በራ።

ጽሑፍ መውረድ ጀመረ። እትዬ ደብሪቱ ማስመሪያቸውን ይዘው ለማንበብ ሞከሩ። ጥቂት እንደሄዱ «አሁንስ አልደርስበትም፣ ይሮጣል» አሉ። መምህሩ ከሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቀው ያኔ ነው።

ከትንሽ ቆይታ በኋላ ላፕቶፑ ሰርቨሩ መነሳቱን ተናገረ። ከዚያ ወዲህ ያለውን ሥራ መምህሩ ራሱ ሠራ። ሦስቱን ዲስኮች ከፈተና አንዱን ቅጂ አጫወተ። የነርሷ ድምፅ ምዕራፍ አንድ ብሎ ጀመረ። እትዬ ደብሪቱ ማን እንደሆነች ጠየቁ፤ ነገራቸው። ምዕራፉ እስኪያልቅ ሁለቱም አዳመጡ።

በማግሥቱ ተማሪዎቹ መጡ። መምህሩ ግን እነሱን ከማስገባቱ በፊት ሁሉንም ወደ ሌላ ዲስክ ገለበጠ። ስድስቱም ተፈተኑ፤ አራቱ አለፉ። ሁለቱ ዘንድሮ እንደገና ያጠናሉ።

እኔ ይህን ስሰማ አፈርኩ፤ ካፈርኩትም በላይ ግን ገረመኝ። ዐዋቂው ያላየውን፣ የተማረው ያላየውን፣ እሳቸው እንዴት አዩት? ቤታቸው ሄጄ ጠየቅኋቸው።

እትዬ ደብሪቱ ሥራ በጀመሩ በሁለተኛው ዓመት፣ የጤና ሠራተኞች የዝውውር ዝርዝር እንዲመቱ ተሰጥቷቸው ነበር። በእጅ የተጻፈው አርባ ስም ነው። እሳቸው ሠላሳ ዘጠኝ መቱ። ማንም አላስተዋለም። ተፈረመ፣ ማኅተም ተመታበት፣ ሄደ። ዓመት ቆይቶ አንድ ሰው ቢሯቸው መጣ። ከሩቅ ወረዳ ነው የመጣው። በእጅ የተጻፈውን ዝርዝር ከማኅደር አስወጥቶ ጠረጴዛቸው ላይ ዘረጋና አሥራ ሰባተኛው መስመር ላይ ጣቱን አሳረፈ። አልጮኸም፣ አልተሳደበም።

«ይሄ መስመር እኔ ነኝ» አላቸው።

ስሙ በመዘለሉ ሳይዛወር ቀርቶ፣ በዚያ ዓመት ሚስቱ እሱ በሌለበት ወልዳለች። እትዬ ደብሪቱ በዚያኑ ቀን ማስመሪያ ገዙ። ይህን ሲነግሩኝ አርባ ዓመት ያለፈው ነገር ነው፤ ዓይናቸው ግን እንባ አቅርሮ ነበር።

ወገኖቼ፣ ጥያቄዬ ይሄ ነው። እናንተ ማንን ነው የምትዘሉት?

እንግዳ ሰው ሲያወራ በጥሞና እናዳምጣለን፤ ምን እንደሚል አናውቅምና። የምናውቀውን ሰው ግን እንዘለዋለን። ሚስቴ ልትል የፈለገችው ገብቶኛል እንላለን። ልጄ ያው እንደ ሁልጊዜው ነው እንላለን። ቃሉ ሲነበብም ይህን ክፍል አውቀዋለሁ ብለን፣ ጆሯችንን እዚህ ትተን ልባችን ገበያ ይሄዳል። አታውቁም አልላችሁም፤ ታውቃላችሁ። እኔም አውቅ ነበር። ያን ቀን የጎዳኝ ግን ያው ማወቄ ነው። እግዚአብሔር ስንጸልይ ግማሹን ሰምቶ ገብቶኛል ቢለን ኖሮ፣ ማናችን ዛሬ እዚህ እንቆም ነበር?

አባቴ እሁድ እሁድ ይደውሉልኛል። ስለ ጉልበታቸው ሕመም ይነግሩኛል። ቀጥሎ ጎረቤታቸው ስላጠረው አጥር ነው። እኔም እሺ አባዬ፣ እሺ እላለሁ፤ አጥሩ ላይ ሲደርሱ ሰው መጣብኝ ብዬ እዘጋለሁ። ኅዳር ላይ አንድ እሁድ፣ ከእትዬ ደብሪቱ ቤት በወጣሁ በሳምንቱ፣ ላልዘጋ ወስኜ ስልኩን አነሳሁት። ስለ ጉልበታቸው ጨረሱ። ስለ አጥሩ ጨረሱ። ከዚያ ዝም አሉ። እኔም ዝም አልኩ።

«ብቻዬን ማደር እየፈራሁ ነው» አሉኝ።

ከመቼ ጀምሮ ነው አባዬ አልኳቸው። ከፋሲካ ጀምሮ አሉኝ።

ከፋሲካ እስከ ኅዳር ስንት እሁድ ነው? ቁጠሩት። እኔ ቆጥሬዋለሁ። ማክሰኞ ሄጄ አመጣኋቸው።

እናንተም ዛሬ ከዚህ ስትወጡ ስልካችሁ ይጠራ ይሆናል፤ ወይም ቤት ስትገቡ አንድ ሰው ያንኑ የምታውቁትን ወሬ ይጀምርላችኋል። ተቀመጡ። አታቋርጡት። ሲጨርስም፣ ጨርሷል ብላችሁ ቶሎ አትነሡ፤ ጥቂት ቆዩለት። እግዚአብሔር ልባችንን ከፍቶ፣ የሚሰማ ጆሮ ይስጠን።