የሼህ ሙዘሚል እፍኝ

ግንቧ ባረጀ አንዲት ከተማ ውስጥ ሼህ ሙዘሚል የሚባሉ አላህን ፈሪ ሽማግሌ ነበሩ። ከዙህር ሶላት በኋላ በመስጊዱ አጥር ሥር ተቀምጠው ለሕመምተኛ ኮሶ ይሰጣሉ። አበባውን ራሳቸው ይወቅጣሉ፣ ዱዓ ያደርጉበታል፣ ለሚወስደውም ሰው "በባዶ ሆድ አንድ እፍኝ በጥብጠህ ጠጣ" ይሉታል። የጤና ቢሮ ሰዎች ያልተመረመረና ያልተመዘነ መድኃኒት እንዳይሸጥ ሲያስነግሩ፣ ሼሁ "እኔ በነጻ ነው የምሰጠው፤ ይህ እኔን አይመለከትም" ብለው አለፉት።

አንድ ጠዋት የተሸካሚው የሸረፈዲን ሚስት ሉባባ ኮሶውን ጠጥታ ወደቀች። ማስመለሱ አልቆም አላት፤ ዓይኗም ፈዘዘ። ወሬው ሲደርሳቸው ሼሁ የሚይዙት የሚጨብጡት ጠፋቸው። ያው አበባ፣ ያው ሙቀጫ፣ ያው ዱዓ! ትናንት ጎረቤቷን ያዳነ ዛሬ እሷን እንዴት ጣላት? ኒያዬ፣ የልቤ ሐሳብ፣ ተበላሽቶ ይሆን? ወይስ ቀደር፣ የአላህ ውሳኔ ነው? እንዲህ እያሉ ጤና ጣቢያ ደረሱ።

በር ላይ ሸረፈዲን ያዛቸው።

"ያ ሼህ፣ ይመለሱ! ምን ጠጣች ሲሉኝ ከገበያ የተገዛ ቅጠል ነው፣ ስሙን አላውቅም ብያለሁ።"

"ለምን ዋሸህ?"

"እርስዎን አሳልፌ ልስጥ? ወላሂ አላደርገውም!"

ሼሁ ቆሙ። ቢመለሱ ማንም አይጠይቃቸውም። ከውስጥ ሉባባ ስታቃስት ተሰማቸው። ገቡ።

"ልጄ" አሏት ሐኪሟን ነጃትን፣ "የጠጣችው ኮሶ ነው። የሰጠሁትም እኔ ነኝ።"

"አልሐምዱሊላህ! ከጠዋት ጀምሮ የምጠይቀው ይህንኑ ነበር። ምን ያህል ጠጣች?"

"አንድ እፍኝ።"

"በማን እጅ ተሰፍሮ፣ አባባ?"

ሼሁ ጥያቄው አልገባቸውም። "እፍኝ ነዋ! እፍኝ ያው እፍኝ ነው።"

"የሰፈርኩት እኔ ነኝ" አለ ሸረፈዲን ከኋላቸው፤ አካፋ የሚያክሉ እጆቹን ገጥሞም አሳየ።

ሼሁ ከሲታ መዳፋቸውን ዘርግተው አዩት። "እኔ እኮ በአንድ እጅ ማለቴ ነበር።"

"አላሉማ፣ ያ ሼህ! እፍኝ ብቻ ነው ያሉት።"

ነጃት ሁለቱንም ትታ ወደ ሕመምተኛዋ ሮጠች። ወደ መግሪብ ላይ ማስመለሱ ቆመ፤ ውሎ አድሮም የሉባባ ዓይን ጠራ።

በጁምዓ ሼሁ በሕዝቡ ፊት ቆመው ኮሶ የወሰደ ሁሉ እንዲመልስ ለመኑ። የተሰበሰበውንም ለጤና ቢሮ ወስደው አስረከቡ። ሸረፈዲን አዘነ። "ሚስቴ ድናለች። የሆነውም በአላህ ውሳኔ ነው። ራስዎን ለምን ያዋርዳሉ?"

ሼህ ሙዘሚልም "ሺፋው፣ ማዳኑ የአላህ ነው፤ ስለ ልኩ የምጠየቀው ግን እኔ ነኝ" አሉት።

ይህ ቃል ቶሎ አይገባም። ሼሁ ቀደርን ቸል ያሉ ይመስላል። ሉባባ የዳነችው በአላህ ፈቃድ ነው፤ ግን ሼሁ ከበር ቢመለሱስ ኖሮ? ሁለቱ እንዴት አብረው እንደሚሄዱ ማስረዳት ይከብዳል። ይህን ያህል ግን ግልጽ ነው፦ መድኃኒት የሚሰጥ ሰው፣ በነጻም ይስጥ፣ በዱዓም ይስጥ፣ የሌላው ነፍስ አማና፣ አደራ ሆና እጁ ገብታለች። "አላህ ያውቃል" ብሎ ማወቅ የሚገባውን ሊተው አይችልም። አላህ ለሼሁ ይዘንላቸው፤ እኛንም ማንም ሳይጠይቀን እውነቱን ለመናገር ያብቃን።