ዘርፌ ከአጥር ውጭ ያሰረቻት ውሻ

እስኪ ቀረብ ቀረብ በሉ። ተረት ነው፤ ግን አትሳቁ፤ እኔም መጀመሪያ ስሰማው ደንግጫለሁ።

ድሮ ድሮ፣ ዱላ አፍ አውጥቶ በሚመክርበት፣ ገመድ በሚሟገትበት ዘመን፣ ዘርፌ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ጫካ ዳር ትኖር ነበር። ልጅ የላትም፤ በቅርብ ዘመድም የላትም። ያላት አንዲት የሽምብራ ማሳ፣ ጥቂት ዶሮዎችና ዛጎል የምትባል ነጭ ውሻ ነበሩ። ዓይኗ ሳይገለጥ አምጥታ በላም ወተት አሳደገቻት። ጃርት ሽምብራውን ሊቆፍር ሲመጣ የምታባርር ዛጎል ናት፤ ዝንጀሮ ሲወርድ የምትጮኽ ዛጎል ናት። ዛጎል ከሌለች ሽምብራውም የለም፤ ሽምብራው ከሌለ ዘርፌም የለችም።

ዛጎል ዓመት ሊሞላት ጥቂት ሲቀራት፣ አንድ ማለዳ ዘርፌ ከመደቧ ስትወርድ መሬቱ ላይ ደም አየች። ክው አለች። ደሙ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ እያለ እስከ ደጃፉ ሄዷል። ወደ ዶሮዎቿ ሮጠች፤ ሁሉም አሉ። የውሻዋን እግር አገላብጣ አየች፤ ቁስል የለም። በመጨረሻ ጭራዋን ገለጥ ብታደርግ፣ አፏን ይዛ ቀረች።

"ጉድ ፈላ። ውሻም እንደ ሴት ያደርጋታል እንዴ?"

በዚያ አገር ሰው ሁሉ ወንድ ውሻ እንጂ ሴት አያሳድግም ነበርና፣ ዘርፌ እንዲህ ያለ ነገር አይታም ሰምታም አታውቅም። ዛጎል ልትመልስላት አፏን ስትከፍት፣ እሷ ነጠላዋን አጣፍታ ጥግ ወደቆመው ዱላ ሄዳለች።

"አያ ዱላ፣ ውሻዬ ደም ታያለች፤ ምን ላድርጋት?"

"ምቻት" አለ ዱላ። "እኔ የማውቀው መድኃኒት ይኸው ነው።"

ዘርፌ ዱላውን አነሳችው፤ እጇ ግን እምቢ አላት። መልሳ አቆመችው።

ረፋዱ ላይ ሦስት ወንድ ውሾች መጥተው አጥሩን ያሸቱ ጀመር። ዘርፌ ይህን ስታይ ወደ ገመድ ሄደች።

"አያ ገመድ፣ ምን ላድርጋት?"

"እሰሪያት። የታሰረ ነገር የትም አይሄድ።"

"የት ልሰራት ታዲያ?"

"እኔ መያዝ እንጂ ቦታ መምረጥ አላውቅም። በርን ጠይቂው።"

ወደ አጥሩ በር ሄደች።

"አያ በር፣ የት ልሰራት?"

በሩም ሲጢጥ ሲጢጥ እያለ፣ "የወር አበባሽ ሲመጣ ቤተ ክርስቲያን ትገቢያለሽ?" አላት።

"ኧረ አልገባም። ከደጀ ሰላሙ ውጭ ቆሜ ነው የምሳለመው።"

"እንግዲያው እሷም ከእኔ ወዲያ ትቁም።"

ነገሩ ለዘርፌ ትክክል መሰላት። በራሷ ላይ ያልከበዳት በውሻዋ ላይ ለምን ይከብዳል? አትፍረዱባት፤ ክፋት አልነበራትም። ዛጎልን ከአጥር አውጥታ ደጅ ካለው የብሳና ዛፍ ሥር አሰረቻት፣ ቋጠሮውንም ሁለቴ አጠበቀችው።

"እማዬ፣ ስሚኝ እንጂ" አለች ዛጎል።

"ደምሽ ሲቆም ትገቢያለሽ" አለችና በሩን ዘግታ ወደ ገበያ ሄደች።

ከዚያ ነፋስ መጣ። ነፋስ እንደምታውቁት ምስጢር አይችልም። ዛጎልን አሸተተና መንደር ገባ፤ ሰባት ወንድ ውሾች ጭራቸውን አቁመው መጡ። አንዱ "እሞትልሻለሁ" አላት። ሌላው "እኔ ቀድሜ እሞትልሻለሁ" አለ። አይደፈር የሚባለው የጭቃ ሹሙ ውሻ ደግሞ፣ "የሚነካሽ በሬሳዬ ላይ ይለፍ" ብሎ ሁሉንም ነከሳቸው። ዛጎል ብሳናው ሥር ኩርምት ብላ ትንቀጠቀጣለች፤ እሷ ገና ልጅ ናት።

ነፋስ አላረፈም። ጫካ ገብቶ የነብር ዋሻ ደረሰ።

"ምን ይሸተኛል?" አለ ነብር።

"ውሻ ነው።"

"ውሻ መቼ ጠፋ? አጥር ውስጥ ነው እንጂ።"

"ይህቺ ከአጥር ውጭ ናት።"

"ታመልጠኛለች።"

"ታስራለች" አለ ነፋስ።

ነብር ተነሳ።

ዘርፌ አዲስ የገዛችውን ገንቦ አዝላ ስትመለስ፣ ሰባቱ ወንድ ውሾች ጭራቸውን በእግራቸው መሀል ወሽቀው አጠገቧ ሽው እያሉ አለፉ። ደርቃ ቆመች። ከኋላ የቀረውን አይደፈርን ጠራችው።

"ምን መጣ?"

"ነብር።"

"ዛጎልስ?"

"እሷማ ታስራ የለም እንዴ?" አለና ሮጠ።

 ማን አሰራት? ዘርፌ ራሷ ናት ያሰረቻት። እየጮኸች ሮጠች። ስትደርስ ነብሩ የዛጎልን ግራ ጆሮ ቀዶ፣ እጁን ለሁለተኛ ጊዜ አንስቷል። ገንቦውን ከጀርባዋ አውርዳ ወረወረችው፤ እግሩ ሥር ተሰባበረ። ነብሩ ወደኋላ ዘለለ፤ ግን አልሄደም። ከቁጥቋጦው ሆኖ አያት።

"አንቺ ሴት፣ ማዕድ አቅርበሽ እንግዳ ታባርሪያለሽ?" አላት።

ዘርፌ ቋጠሮውን ልትፈታ ጣቷን ሰደደች፤ እምቢ አለ።

"ልቀቃት" አለችው ገመዱን።

"ያዝ ብለሽኝ ነበር፤ ይዣለሁ" አለ ገመድ።

በጥርሷ ነከሰችው፤ ከንፈሯ እስኪደማ ነከሰችው። ሲላላ ውሻዋን አቅፋ ገባችና በሩን በትከሻዋ ዘጋችው። ነብሩ ጥቂት አጉረምርሞ ሄደ።

ቤት ውስጥ ጆሮዋን እያጠበችላት ዘርፌ ታለቅሳለች።

"ልጄ፣ ምን ሆነሽ ነው?" አለቻት። በዚያ ቀን ይህን ስትጠይቃት የመጀመሪያዋ ነበር።

"አድጌ ነው፣ እማዬ" አለች ዛጎል። "በሽታም እርኩሰትም አይደለም። በዓመት ሁለቴ ይመጣል፤ ሦስት ሳምንት ቆይቶ ይሄዳል። ጠዋት ልነግርሽ ስል ዞረሽ ሄድሽ።"

ዘርፌ ከነብሩ ይልቅ በዚህ ደነገጠች። ነብሩን ያየችው አሁን ነው፤ የዛጎል አፍ ግን ከጠዋት ጀምሮ ተከፍቶ ነበር።

"ምን ላድርግልሽ ታዲያ?"

"አሮጌ ጨርቅ ከሥሬ አንጥፊልኝ፤ ሲቆሽሽ እጠቢልኝ። ውኃ ከአጠገቤ አይጥፋ። ለሽንት ስወጣ አንቺው ያዥኝ፤ ብቻዬን አትልቀቂኝ። ወንዶቹን ደግሞ አታስገቢ፤ ለመውለድ ሰውነቴ ገና አልጠናም። ስቆጣም አትቀየሚኝ።"

ዘርፌ እንዳለቻት አደረገች። አሮጌ ነጠላዋን ቀድዳ አነጠፈችላት፣ በየቀኑ አጠበችላት። ወንዶቹ ሲመጡ በሩን ደህና አድርጋ ቀረቀረች። "ያው መዝጋት ነው ሥራዬ፤ ማን ውስጥ ማን ውጭ እንደሚሆን አንቺ ታውቂያለሽ" አለ በር። ሦስት ሳምንት ሲሞላ ደሙ ቆመ፣ ሽታው ጠፋ፣ ወንዶቹም አንድ በአንድ ተበተኑ። ዛጎል ባንድ ተኩል ጆሮዋ ሽምብራዋን መጠበቅ ጀመረች።

ከዚያ ወዲህ በዚያ አገር ውሻው፣ ላሙ ወይም ልጁ ግራ ያጋባው ሰው ሁሉ ዘርፌን ሊያማክር ይመጣል። እሷም የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "ራሷን ጠየቅሃት?"

ተረቴ እዚህ ላይ አበቃ፤ በጎው ለእናንተ፣ ድንጋጤው ለነብሩ ይሁን። አፍ እያለው ያልተጠየቀ፣ ጥፍር ሥር ይገኛል።