ሙዳዩና የተበተነው ስንደዶ

«አንቺ ትሰፊያለሽ፣ እሷ ትበትናለች! ይኸ ቤት ነው ወይስ አውድማ?»

«አውድማም ቢሆን እህል የሚገኘው ከዚያው ነው» አለች እናኑ፣ ወስፌዋን ከጀመረችው ሙዳይ ላይ ሳታነሣ።

ስፌት የሚሰፉ ሴቶች፣ ልጅ ሥር ሥራቸው እያለ ሲያስቸግራቸው የሚሉት አንድ አባባል አለ። የተወለደው ከዚህ የባልና ሚስት ጠብ ነው።

የጠቡ ሥር ልጃቸው አፀደ ነበረች። አራት ዓመት ሊሞላት ሁለት ወር ቀርቷት፣ ከ«እማ» በቀር ቃል ወጥቷት አያውቅም። ሰፈሩ ማንሾካሾክ ጀምሯል። አባቷ ፈንታሁንም ነገሩን የጨዋታ መብዛት ያመጣው ነው ብሎ ደመደመ። ከተማ የምትኖር ቆፍጣና እህት አለችው፤ እሷ ዘንድ ልጅ አርፎ ይቀመጣል።

«ዛሬ የኔታ መጥተው ያዩዋታል» አለ። «ፊደል ካልደገመችላቸው ቅዳሜ እህቴ ዘንድ ትሄዳለች። በቃ!»

እናኑ ልጇን ታውቃታለች። አፀደ መራመድ ከጀመረች አንሥቶ፣ እናቷ በሰፋች ቁጥር ቀለም የተነከረውን ስንደዶ መሬት ላይ ትዘረጋላትና «ቀይ ስጪኝ» ትላታለች። ልጅቱ ጥቁር ካመጣች፣ እናኑ እሳት እንደነካው ሰው እጇን እያራገበች «ወይኔ፣ አቃጠለኝ!» ብላ ትጮሃለች። አፀደ በሳቅ ትንከባለልና ሮጣ ቀዩን ታመጣለች። አሁን አሁንማ ጥቁሩን የምታመጣው ሆን ብላ፣ እናቷን ለማስጮህ ነው። እንዲህ የሚለይ ዓይን፣ እንዲህ የሚሰማ ጆሮ ያላት ልጅ አንደበቷ ተዘግቶ እንደማይቀር እናኑ አትጠራጠርም ነበር። የፈራችው ቅዳሜ እንዳይቀድም ነው።

የኔታ ተዝካር ይጠብቃቸው ስለነበር ተቻኩለው መጡ። ጎረቤታቸው እማማ ዘርፌም ለልጅ ልጃቸው ሠርግ ያዘዙትን ሙዳይ ሊያዩ ገብተው መደቡ ላይ ተቀምጠዋል። ፈንታሁን ስንደዶውን ሰብስቦ ጥግ ከመረና ልጅቱን የኔታ ፊት አስቀመጣት።

«ሀ በይ!» አሉ የኔታ፣ በጭራቸው እጀታ ይዘውት የመጡትን የፊደል ገበታ እየነኩ።

አፀደ ጭራውን አየች።

«ሀ!» አሉ የኔታ ደግመው።

ጭራውን ልትይዝ እጇን ዘረጋች።

«ልሳኗ የታሰረ ነው፣ ፈንታሁን። ምን ላድርግህ? ላካት፤ አትዘግይ።»

«ኧረ የኔታ፣ እንዴት አደርሽ እንኳ ሳይሏት?» አሉ እማማ ዘርፌ።

«ሰምተሻል» አለ ፈንታሁን፣ ወደ ሚስቱ ሳያይ። ድምፁ ግን የረታ ሰው ድምፅ አልነበረም።

እናኑ ሙዳዩን አንሥታ መስፋት ቀጠለች። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ስለነበር፣ ቀይ በሚገባበት ቦታ ጥቁር ስንደዶ ጠመጠመች።

አፀደ ከየኔታ ፊት ተነሣች። እናቷ ጉልበት አጠገብ ቆማ ሙዳዩን ትክ ብላ አየችው፤ ከዚያ የእናቷን እጅ ያዘች።

«አቃጠለሽ!» አለች።

ፈንታሁን ዞሮ ልጁን አየ።

«ጥቁር አይደለም፣ እማ። ቀይ!» ወደ ጥጉ ሮጣ ክምሩን በሁለት እጇ በተነችው። አንድ ቀይ መዝዛ ተመለሰች። «እንኪ!»

እናኑ ሙዳዩን ብታይ እውነትም ተሳስታለች። ጥቁሩን ፈታችና የልጇን ቀይ ጠመጠመች።

ፈንታሁን በተበተነው ስንደዶ መሀል ተንበረከከ። አንድ አረንጓዴ አነሣ። «ይኸስ፣ እናቴ? ይኸ ቀይ ነው?»

አፀደ ቀና ብላ አየችው። «አቃጠለህ!»

«ወይኔ!» አለ ፈንታሁን እጁን እያራገበ። ልጅቱ በሳቅ ተንከባለለች። እሱም ሌላ አነሣ፣ ደግሞም ሌላ፤ መሬቱ በቀይ፣ በጥቁርና በአረንጓዴ ተሸፈነ። የኔታ ጭራቸውን ብብታቸው ሥር አድርገው፣ ስንደዶውን እየተሻገሩ ወደ ተዝካራቸው ሄዱ።

«የቅዳሜውስ መንገድ?» አለች እናኑ።

«ቅዳሜ ምን አለ?» አለ ባሏ፣ ዓይኑን ከመሬት ሳይነቅል።

እናኑ የቤቷን መዝረክረክ አይታ፣ እንግዳዋን አፍራ፣ ልትሰበስብ ብድግ ስትል፣ እማማ ዘርፌ ቀሚሷን ይዘው አስቀመጧትና እንዲህ አሏት፦ «ተዪው ይበተን፣ ልጄ፤ ስንደዶ ያልበተነ ልጅ ሙዳይ አይሰፋም።»