የስመኝ ቀይ ብርድ ልብስና እምቢ ያለው ቦይለር

ይህ ተረት ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የወጣ ነው፤ ጆሮ ያለው ጠጋ ይበል።

ደብሪቱ የምትባል ጨርቅ በቀለም የምትነክር ሴት ነበረች። እናት የላቸውምና ታናሽ እህቷን ስመኝን ያሳደገቻት እሷ ናት። ስመኝ እሑድ ልትዳር ነው፤ ደብሪቱም «ቀይ ብርድ ልብስ አልብሼ እሸኝሻለሁ» ብላ ቃል ሰጥታለች። በፋብሪካው ልማድ፣ ዓርብ ሥራ ሲያልቅ ገንዳ ውስጥ የተረፈው ቀለም ሰርግ ላለበት ሠራተኛ ይሰጣል። ታዲያ በዚያ ዓርብ ደብሪቱ ነጭ ብርድ ልብሷን ታቅፋ መጣች። እጇን ወደ ቀለሙ ሰደድ ብታደርግ ቀዝቃዛ ነው።

«ምነው አትሞቅም?» አለችው ገንዳውን።

«እንፋሎት አልመጣልኝም። እንፋሎት ካልመጣ አልሞቅም፣ ካልሞቅሁ ቀለሙ አይዝም፣ ቀለሙ ካልያዘ ስመኝ ያለ ቀዩ ትዳራለች።»

«ይህንንማ አናደርገውም» ብላ ወደ እንፋሎቱ ሄደች። እንፋሎቱ በቧንቧው ውስጥ በቀጭኑ ያፏጫል። «ውሃው አልፈላልኝም» አለ። «ውሃው ካልፈላ አልመጣም፣ ካልመጣሁ ገንዳው አይሞቅም፣ ገንዳው ካልሞቀ ቀለሙ አይዝም፣ ቀለሙ ካልያዘ ስመኝ ያለ ቀዩ ትዳራለች።»

ወደ ቦይለሩ ውሃ ሄደች። ውሃው ለብ ብሎ ተኝቷል። «እሳቱን ወደ እኔ የሚያቀብለውን ቱቦ ውቀሺ» አለ። «ቱቦው ካላቀበለኝ አልፈላም፣ ካልፈላሁ እንፋሎት አይመጣም፣ እንፋሎት ካልመጣ ገንዳው አይሞቅም፣ ገንዳው ካልሞቀ ቀለሙ አይዝም፣ ቀለሙ ካልያዘ ስመኝ ያለ ቀዩ ትዳራለች።»

ደብሪቱ በምድጃው መስኮት አጮልቃ አየች። የድንጋይ ከሰሉ ደህና ይንቀለቀላል፣ ሙቀቱ ግን ቱቦውን አልፎ በጭስ ማውጫው ወደ ሰማይ ይበራል። ሰነፍ መስሏት ቱቦውን ተቆጣችው።

«ጥቀርሻ ደርቤ ለብሼ እሳቱ እንዴት ይድረሰኝ?» አለ ቱቦው፣ ተከፍቶ። «ጥቀርሻው ሲረጥብ ደግሞ በከሰሉ ድኝ ብረቴን ይበላዋል፤ ልሳሳ ልበሳ ነው። ጥቀርሻው ካልተራገፈ አላቀብልም፣ ካላቀበልሁ ውሃው አይፈላም፣ ውሃው ካልፈላ እንፋሎት አይመጣም፣ እንፋሎት ካልመጣ ገንዳው አይሞቅም፣ ገንዳው ካልሞቀ ቀለሙ አይዝም፣ ቀለሙ ካልያዘ ስመኝ ያለ ቀዩ ትዳራለች።»

አሳዘናት። የቦይለሩን ሠራተኛ ጋሽ ሽብሩን ፈልጋ አገኘቻቸው።

«ጋሽ ሽብሩ፣ ቱቦው ተበልቶ ሊያልቅ ነው። ለምን አላራገፉለትም?»

«እንዴት አድርጌ ልጄ?» አሉ ጋሽ ሽብሩ። «የጥቀርሻ መንፊያውን ብከፍት ጥቀርሻው በጭስ ማውጫው ወጥቶ ግቢው ላይ ይወርዳል። ግቢው ውስጥ ደግሞ ነጭ አንሶላ እንዲደርቅ ተሰጥቷል። ነጭ ከተሰጣ አይነፋም፤ ደንቡን ታውቂዋለሽ። አንሶላው ካልተነሳ አልነፋም፣ ካልነፋሁ ጥቀርሻው አይራገፍም፣ ጥቀርሻው ካልተራገፈ ቱቦው አያቀብልም፣ ቱቦው ካላቀበለ ውሃው አይፈላም፣ ውሃው ካልፈላ እንፋሎት አይመጣም፣ እንፋሎት ካልመጣ ገንዳው አይሞቅም...»

«ገባኝ፣ ስመኝ ያለ ቀዩ ትዳራለች» አለችና እጅጌዋን ሰብስባ ወጣች። ግቢው ዳር እስከ ዳር ነጭ ነው። «ማነው ይህን ያሰጣው ዝርክርክ?» ብላ አንሶላውን ጠየቀችው።

«ከሰዓት በፊት ያሰጣሽን አንቺ ነሽ። በጊዜ ለመውጣት ስትቻኮይ ማድረቂያ ቤቱ ራቀሽ።»

ደብሪቱ አፍራ ቆመች፣ ከዚያ ግን ሳቋ አመለጣት። ተራራ የሚያክል አንሶላ ታቅፋ ወደ ማድረቂያ ቤት ሮጠች። አንሶላው ተነሳ፣ ጋሽ ሽብሩ ነፉ፣ ጥቀርሻው ተራገፈ፣ ቱቦው ተነፈሰ፣ እሳቱን ተቀብሎ አቀበለ፣ ውሃው ፈላ፣ እንፋሎቱ ገሰገሰ፣ ገንዳው ሞቀ፣ ቀለሙ ያዘ።

እሑድ ስመኝ ቀዩን ደርባ ከደጅ ስትወጣ እህቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች። «ሰው ሁሉ አምሮብሻል አለኝ። ፋብሪካ ውስጥ ብዙ አስቸገሩሽ?»

«አንዲት ሴት ብቻ ናት ያስቸገረችኝ» አለች ደብሪቱ እንባዋን እየጠረገች፣ «እሷንም አሠራኋት።»

ተረቴ በስሎ ወጥቷል፤ የቀዘቀዘበት ያሙቀው።