መሬት አልቀበልም ያለችው ጫማ

ጆሮ ያላችሁ ጠጋ በሉ፤ ወሬ ያላችሁም ወሬያችሁን ደጅ አስቀምጡና ጠጋ በሉ። የምነግራችሁ የድሮ ነገር ነው። ድሮ ስል እንስሳት በአፋቸው፣ ዕቃ በሆዱ፣ መሬትም ከሥር ሆና ትናገር በነበረበት ጊዜ ነው።

በዚያ ጊዜ አንድ ቆላ ነበር። በዚያ ቆላ ግራሩ ከቅጠሉ ይልቅ እሾሁ ይበዛል፤ ጥቁሩ ድንጋይ ፀሐይ ሲጠጣ ይውልና እንደ ፍም ይፋጃል። ስለዚህ ሰኮና ያለውም ሰኮና የሌለውም፣ የሚሮጠውም የሚያዘግመውም ጫማ ያደርጋል። ያለ ጫማ ውኃ አይወረድም፤ ያለ ጫማ ግጦሽ አይወጣም።

የቆላው ጫማ ሠሪ እመት ጃርት ነበረች። ወስፌ ከማንም አትዋስም፤ ከጀርባዋ ትነቅላለች። ቆዳውን ትበሳለች፣ በጅማት ትሰፋለች፣ ከዚያ ጎንበስ ብላ የባለቤቱን እግር ራሷ ታጠልቃለች። ሥራዋ እንከን አልነበረውም። ችግሩ ቆዳ ነው። ቆዳ የሚገኘው ያረጀ በሬ ሲሞት «ቆዳዬን ለጎረቤቶቼ» ብሎ ሲናዘዝ ብቻ ነበር። በሬ ደግሞ ቶሎ አያረጅም። ስለዚህ ጫማ ያለቀበት ሁሉ ተራ እየጠበቀ ሲያነክስ ይከርም ነበር።

አንድ ቀን ከተራራው ማዶ አያ ጉሬዛ መጣ። ነጭ ካባውን ጣል አድርጎ፣ በጀርባው ጆንያ አዝሎ፣ ከዛፍ ዛፍ እየዘለለ መጣ። ጆንያውን ሲፈታው ቀይ፣ ሰማያዊና ቢጫ የላስቲክ ጫማ ወጣ። ተራ መጠበቅ የለም፣ መለካት የለም። አንድ እፍኝ ሾላ ለቅሞ የሰጠው ሁሉ ጫማ አድርጎ ይሄዳል። አህያ ቀዩን ወሰደ፣ አይጧ ቢጫውን ወሰደች፣ ዝሆን እንኳ በእግሩ ልክ አላጣም። የእመት ጃርት ደጅ ጭር አለ።

አያ ጉሬዛ ራሱ ግን አንድም ቀን ጫማ አድርጎ አያውቅም። መሬት አይረግጥማ።

የላስቲኩ ጫማ ያምራል፤ ማሰሪያው ግን ቶሎ ይበጠሳል። ሲበጠስ ይጣላል፣ ሌላ ይመጣል። ያም ይበጠሳል፣ ይጣላል፣ ሌላ ይመጣል። ድሮ የቆዳ ጫማ ሲያልቅ ግራር ሥር ይጣል ነበር፤ ምስጥ ይደርስለታል፣ ዝናብ ይደርስለታል፣ ክረምቱ ሲወጣ በቦታው ሣር ይበቅላል። የላስቲኩን ግን ምስጥ አሸተተውና አልፎት ሄደ። ጫማው መንገዱን ሞላው፤ ግጦሹን ሞላው።

እንስሳቱ ተሰበሰቡና መከሩ። በመጀመሪያ እንቅበረው አሉ። አህያ ጉድጓድ ቆፈረ፣ ዝሆን አፈር መለሰ። ዝናብ ሲጥል መሬት ጫማውን ሁሉ መልሳ ተፋችው። ቀጥሎ እናቃጥለው አሉ። እሳት ጎረሰው፣ ወዲያው አነቀው፣ እየሳለ ጥቁር ጭስ ለቀቀ። ንቦቹ ቀፏቸውን ጥለው ከቆላው ወጡ። በሦስተኛው ወንዝ ይውሰደው አሉ። ወንዙም ዝም ብሎ ተሸከመላቸው። ከዓይናቸው ሲርቅ ጊዜ ደስ አላቸው።

ወንዙ ግን ሩቅ አልሄደም ነበር። ከታች፣ ሁለት ቋጥኞች በሚገናኙበት ጠባብ በር ሲደርስ ደከመው፤ ጫማውን እዚያው አራገፈ። በላዩ ሌላ መጣ፣ በላዩ ሌላ ተከመረ። ጠባቡ በር ተዘጋ።

ሐምሌ ሲገባ ደጋው ላይ ዶፍ ጣለ። ጎርፉ ወረደ፣ በሩን ቢያንኳኳ የሚከፍትለት አጣ፤ ዞሮ ወደ ቆላው ተመለሰ። ውኃው በየጉድጓዱ ገባ። እመት ጃርት ከጎሬዋ ስትወጣ ጎረቤቷን አይጧን አየቻት፤ ልጆቿን በአፏ እያነሣች የምታኖርበት ደረቅ ቦታ አጥታለች። ጃርት ጀርባዋን ሰጠቻት። እናትየው እሾሁ እየወጋት ልጆቿን በእሾሁ መሀል ደረደረች። አህያ ደግሞ ደረቱ ድረስ ውኃ ውስጥ ቆሞ ያገኘውን ሁሉ ወደ ጉብታው አሻገረ።

ውኃው ሲጎድል ሁሉም ተቆጠሩ። ከአይጧ ልጆች ትንሹ አልተገኘም።

እንስሳቱ አዘኑ፤ ኀዘኑ ወደ ቁጣ ዞረ። አያ ጉሬዛ ከተቀመጠበት ዋርካ ሥር ተሰብስበው ከቆላው ውጣልን አሉት። አያ ጉሬዛ ጅራቱን አንጠልጥሎ ሰማቸውና እንዲህ አለ፦

«የጣላችሁት እናንተ፣ ወንዙን የደፈናችሁት እናንተ። እኔ ከዛፌ መች ወረድኩ? ይልቅ እግራችሁን እዩ። ጫማዬን አውልቃችሁ ነው የምታባርሩኝ?»

ሁሉም ወደ እግራቸው አዩ። ሁሉም የላስቲክ ጫማ አድርገዋል። በዚህ ጊዜ እመት ጃርት ከመሀል ብድግ አለች።

«አያ ጉሬዛ ግማሹን እውነት ተናግሯል» አለች። «ባዶ እግራችንን አንሄድም። የቆዳ ጫማም ለሁላችን አይበቃም። ስለዚህ ሌላ ጫማ እሠራለሁ። ግን ከእንግዲህ ያለቀ ጫማ የት እንደሚሄድ ሳላውቅ ወስፌ አላነሣም።»

በነጋታው ሜዳ ወጣች፤ ጆሮዋን ከአፈሩ አጣብቃ ተኛች።

«እማ መሬት» አለች፣ «ጫማዎቹን ለምን ተፋሻቸው?»

«አላውቃቸውማ» አለች መሬት። «በሬውን አውቀዋለሁ፤ ሣሬን በልቶ ነው ያደገው። ጥጡን አውቀዋለሁ፣ ቃጫውንም አውቀዋለሁ፤ ከእኔ ነው የወጡት። ልጄ ደክሞት ሲመለስ አቅፌ አስተኛዋለሁ። እነዚህን ግን ማን ወለዳቸው?»

«ታዲያ ምን እናድርጋቸው?»

«ያንን እናንተ ዕወቁ። ወደ እኔ ግን አትላኳቸው።»

እመት ጃርት ተነሥታ አቧራዋን አራገፈችና ሥራ ጀመረች። በመጀመሪያ ከሣር ጎንጉና ሠራች። አህያ አደረገው፤ መንገድ ላይ ራበውና ውኃ ሳይደርስ ጫማውን በላው። ቀጥሎ ከዛፍ ልጥ ሠራች። ላዩ አማረ፣ ሶሉ ግን እሾህ አልመከተም፤ አህያ እያነከሰ ተመለሰ። አያ ጉሬዛ ከላይ ሆኖ ሳቀ። እሷ ግን አልተናደደችም። አህያውን አስቀምጣ እሾሁን ነቀለችለት፤ የልጡ ጫማ የት ላይ እንደተበሳ አገላብጣ አየች። ላዩ ደህና ነው፣ የጎደለው ሶል ነው አለች።

ሶል ስታስብ ስታስብ እግሯ ወደዚያ ጠባብ በር ወሰዳት። ጫማው እንደ ኮረብታ ተከምሯል። ቁጭ ብላ አየችው፤ ትንሹን አይጥ አሰበች፤ ምራቋን እንትፍ አለችበት። ከክምሩ ሥር አንድ ማሰሪያው የተበጠሰ ቀይ ጫማ አፉን ከፈተ።

«አትትፊብን፣ እመት ጃርት» አላት። «መሞት አቅቶን እንጂ ጠልተናችሁ አይደለም። መሬት አልቀበልም አለችን። እሳት አንቆት ተፋን። ወንዙም ተሸክሞን ደከመው። የማንሞት ከሆነ ሥራ ስጪን።»

«ምን ሥራ ትችላላችሁ?»

«እሾህ መመከት ነዋ። የሚበጠሰው ማሰሪያችን ነው። ሶላችን ገና ምኑ ተነካ?»

እመት ጃርት ቀዩን ጫማ አነሣችው፤ ሶሉን በጥርሷ ሞከረችው፣ በወስፌዋ ወጋችው። እውነቱን ነው፣ ገና ጠንካራ ነው። ሳቀች። ከጎርፉ ወዲህ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነበር። የማይሞተው ከሥር፣ የሚሞተው ከላይ ይሁን ብላ ወሰነች።

አይጦቹን ጠራች። ጫማውን ቆርጥሙ፣ ግን እንዳትውጡ፣ ፍርፋሪውን እየተፋችሁ ከምሩ አለቻቸው። ሁሉንም ቀድማ የመጣችው ያቺ ልጇ የጠፋባት እናት ነበረች። ትቆረጥማለች፣ ትተፋለች፤ አንዱን ጫማ ስትጨርስ ሌላውን ከክምሩ ራሷ ጎትታ ታወጣለች። ፍርፋሪውን ጥቁሩ ድንጋይ ላይ አሰጡት። ፀሐይ አጋለችው፤ ፍርፋሪው ለሰለሰ፣ እርስ በርሱ ተያያዘ። ያን ጊዜ ዝሆን ቀስ ብሎ ወጣበት። ሲወርድ ፍርፋሪው አንድ ወፍራም ሶል ሆኖ ተነጥፏል። ላዩን ከቃጫና ከአሮጌ የጥጥ ጨርቅ ሸመነችው።

አያ ጉሬዛ ይህን ሁሉ ከዛፉ ሆኖ ሲያይ ሥጋት ገባው። ዝቅ ካለ ቅርንጫፍ ላይ ተቀመጠና ምክር የሚሰጥ መሰለ። መስፋት ያደክምሻል፣ ከማዶ ማስቲሽ አመጣልሻለሁ፣ ለጥፈሽ ትገላገያለሽ አላት።

«የለጠፍኩት አይለያይም» አለችው እመት ጃርት። «እኔ ደግሞ እንዲለያይ ነው የምፈልገው። ላዩ ሲያልቅ ክሩን እተረትራለሁ፤ ላዩ ወደ እማ መሬት ይሄዳል፣ ሶሉ ወደ እኔ ይመለሳል።»

አያ ጉሬዛ ይህ አልሆን ሲለው ወሬ ነዛ። የጃርት ጫማ ይበሰብሳል፣ ዝናብ ሲነካው ከእነ እግራችሁ ይበሰብሳል አለ። ወሬው ከአንዱ ጆሮ ወደ ሌላው ጆሮ ሄደ። ጫማ ሊወስዱ የመጡት ወደ ኋላ አሉ። እመት ጃርት ግን ሁሉም በተሰበሰበበት ድምፅዋን ሳታነሣ መለሰች፦

«ይበሰብሳል፤ አልዋሸም። ግን እግር ላይ እያለ አይበሰብስም። ከእግር ወርዶ መሬት ሲገባ ነው። የሚያምነኝ ያድርገው።»

አህያ እኔ አምንሻለሁ ብሎ አደረገው። ሣሩንና ልጡን የሞከረ እሱ ነውና የሚታዘበው ሁሉ ይታዘበው ብሎ በእሾሁ መሀል ገባ። መጀመሪያ እግሩን እንደ ፈሪ ያነሣ ነበር። ከዚያ ረሳው። ከዚያ ሮጠ። ዝናብ መጣ፣ ጭቃ ረገጠ፤ ጫማው ረጠበ፣ ፀሐይ ወጣች፣ ጫማው ደረቀ። ዓመት ዞሮ ላዩ ሲሳሳ እመት ጃርት ክሩን ተረተረች። ላዩን በሁሉም ፊት ቀበሩት፤ በሶሉ ላይ ደግሞ አዲስ ቃጫ ሰፋችበት። በክረምቱ ማግሥት ሄደው ቢያዩ መሬት ቃጫዋን ተቀብላ በቦታው ሣር አብቅላለች።

ከዚያ ወዲያ ማን ይጠራጠር? ከጠባቡ በር ጫማ ማውጣቱ የሁሉም ሥራ ሆነ። ክምሩ ባነሰ ቁጥር ወንዙ ትከሻው እየቀለለው ሄደ፤ በመጨረሻ በሩ ተከፈተና በድሮ መንገዱ ወረደ። ንቦቹም አንድ በአንድ ተመለሱ።

አያ ጉሬዛስ? ያ ጎርፍ የዋርካውን ሥር ቦርቡሮት ነበር። ንፋስ የበረታ ዕለት ዋርካው ዘንበል አለ፣ ዘንበል አለና ወደቀ። አያ ጉሬዛ ከእነ ካባው እሾህ መሀል አረፈ። ያን ቀን መሬት ምን እንደሆነች ዐወቀ። መነሣት አቅቶት ሲያቃስት አህያ አገኘው፤ አዝሎ እመት ጃርት ደጅ አወረደው።

እመት ጃርት እግሩን ተቀብላ እሾሁን ነቀለች። ወስፌዋን አነሣች። አይጧ ከጎን ሆና ታያለች፤ አያ ጉሬዛም አያት፣ ከዚያ አንገቱን ደፋ።

«ከዛፌ አልወረድኩም ብዬሽ ነበር» አላት በዝግታ። «መውረድ ነበረብኝ።»

አይጧ የቆረጠመችውን ሶል ገፋ አድርጋ ለእመት ጃርት አቀበለቻት።

አያ ጉሬዛ የተሰፋለትን ጫማ አድርጎ ቆመ፤ ምን ልሥራላችሁ ብሎ ጠየቀ። እመት ጃርትም እኛ እዚህ ያለውን አጽድተናል፣ ከተራራው ማዶ ያለውን ግን የሚያውቀው አንተ ነህ፣ ጆንያህን ያዝና ሂድ አለችው። ያ አዲስ ጫማ ተሸክሞ ይመጣ የነበረ ጆንያ ከዚያ ወዲህ ያለቀ ጫማ ተሸክሞ ይመጣ ጀመር። አያ ጉሬዛም በየሰፈሩ እየዞረ «ቆራሌው! ያለቀ ጫማ ያለው!» እያለ ሲጣራ ድምፁ እስከ ወንዙ ይሰማ ነበር።

ስለዚህ እንዲህ ተባለ፦ ጫማ ሠሪ እግር ይለካል፤ ብልህ ጫማ ሠሪ መሬትንም ይጠይቃል።

እኔ የሰማሁትን ይህን ያህል ነገርኳችሁ። የጎደለውን እናንተ ሙሉበት፤ የተረፈውን ለጎረቤት አካፍሉ።